ቁርስ የማይበሉ ንቦች

እኛን ታሃአ ደሴት ላይ «አጋቢዎች» ይሉናል። ሰው የምናጋባ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውን ማጋባትማ የትኛውም ሥራ ፈት ይችልበታል። እኛ የምናጋባው ቫኒላ ነው።

የቫኒላ አበባ ጎህ ሲቀድ ትከፈትና ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ትጠወልጋለች። ወንዱም ሴቱም እዚያችው አበባ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ስስ መጋረጃ አለ። እኛ መጋረጃውን በሎሚ እሾህ ገለጥ እናደርግና ወንዱን በአውራ ጣት ወደ ሴቷ ጫን እናደርገዋለን። ሰርጉ ይኸው ነው። ሳታገባ የዋለች አበባ በማግስቱ ትረግፋለች፤ ከእሷ ፍሬ የጠበቀ ሰው የሚመጣውን ዓመት ይጠብቅ። እኛ አገር ነፋስም አያጋባትም፣ ንብም አታጋባትም። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። የእህቴ ባል ቲሆቲ ግን ተጠራጠረ።

ቲሆቲ አፉ ማር ነው። ሰርግ ላይ ተናገር የሚባለው እሱ፣ ቀብር ላይ ሟቹን አመስግን የሚባለውም እሱ። ሰካራሙ አጎታችን የሞተ ጊዜ እንዲህ አድርጎ አመሰገነውና ሚስትየዋ «ለካ እንዲህ ያለ ባል ነበረኝ» ብላ፣ ልታለቅስ ካሰበችው በላይ አለቀሰች። ታናሽ እህቴን ቲታዋንም ያገባት በዚሁ አፉ ነው። እኔ ያኔውኑ «ይህ ሰው መዓዛ ብቻ ነው፤ ብትጨምቂው ጠብ የሚል ነገር የለውም» ብያት ነበር። የወደደ ሰው ምን ጆሮ አለው።

ግቢውን ግቢ ያደረገችው ቲታዋ ናት። ቫኒላውን በየዛፉ ሥር የተከለችው እሷ፣ በየዓመቱ ከእኛ ጋር ሆና የምታጋባውም እሷ። በሩ አጠገብ ደግሞ የትያሬ አጥር ነበራት፤ በማለዳ አንዲት ነጭ አበባ ትቀጥፍና ግራ ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። ግራ ጆሮ ባለትዳር ነው። ባል የሌላት ቀኝ ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፣ እንደ እኔ። እንደ ማማ ሬሬአታም። እሷ በዚህ እድሜዋ፣ ጥርሶቿ ተሰናብተዋት እንኳ፣ ቀኝ ጆሮዋን ባዶ አድርጋ ከቤት አትወጣም። «ምን ይታወቃል» ትላለች።

ማማ ሬሬአታ የእኛ የአጋቢዎቹ መሪ ናት። የምትመራንም በአፍንጫዋ ነው። ቫኒላ ያለው ሰው ሁሉ የሚፈልገን በዚያው ሰሞን ነው፤ እኛ ደግሞ በቀን ያለን አንድ ጠዋት ነው። ስለዚህ ወዴት እንደምንሄድ እንመርጣለን፣ የምንመርጠውም በቁርስ ነው። አላፍርበትም። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ እስከ እኩለ ቀን አንገቷን ቀልብሳ የምትቆም ሴት ትኩስ ፊሪፊሪ ይገባታል፤ በኮኮናት ወተት የተቦካ ሊጥ፣ ተጠማዝዞ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ፣ ጣት እያቃጠለ። መንገድ ላይ ስንሄድ የማማ ሬሬአታ አፍንጫ ወደ ዞረበት ግቢ እግራችንም ይዞራል።

ቲታዋ የምትጠብሰው ፊሪፊሪ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። አምና ግን ቲሆቲ የዱቄቱን ሣጥን ቆለፈው። «የሚመጡት ሊሠሩ ነው ሊበሉ?» ብሎ ደረቅ ብስኩትና የጽዋው ቂጥ የሚታይበት ሻይ አቀረበልን። አቀራረቡን ብታዩ ግን ንጉሥ የጋበዘን ነበር የሚመስለው። «እናቶቼ፣ እጃችሁ የተባረከ፣ የሚገባችሁን ሳይሆን የሰጠናችሁን በፍቅር ተቀበሉ» አለ። ማማ ሬሬአታ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነክራ እስኪርስ ስትጠብቅ ረፋዱ ሆነ። ለቲታዋ ስንል አጉረምርመን ያን ዓመት ጨረስንለት።

ዘንድሮ አበባው የጀመረ ዕለት ማማ ሬሬአታ በሩ ላይ ቆመች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«የእህትሽ ነገር ያሳዝነኛል» አለችኝ። «አፍንጫዬ ግን አልገባም አለኝ።»

አለፍን። እኔም አለፍኩ። ቲታዋ የትያሬውን አጥር ተደግፋ ታየናለች።

«ጥበሺልን፤ አሁኑኑ እንመለሳለን» አልኳት።

«ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው» አለችኝ። «ፋይማኖ፣ ብቻዬን አልጨርሰውም። ግማሹ ይረግፍብኛል።»

ቲሆቲ ከበረንዳው ሆኖ ሰምቷል። «ተያቸው ይሂዱ» አላት። «እኔ ቁርስ የማይበሉ አጋቢዎች አመጣለሁ።»

ያመጣው ንብ ነው። ከጎረቤት ደሴት ከራያቴያ በጀልባ፣ የንብ ሣጥን ከነነዋሪው። የቫኒላ ጥንተ አገር ሜክሲኮ እንደሆነና እዚያ ንብ እንደምታጋባት ከሬዲዮ ሰምቷል። የእኛዋ ንብ እንደ ሜክሲኮዋ ትሁን አትሁን የሚል ጥያቄ ጭንቅላቱን አላንኳኳም። ሣጥኑን ያመጣው ሰውዬ አውርዶ ሲጨርስ «ለምን ፈለግካቸው?» ብሎ ጠየቀው። «ለቫኒላ» አለው ቲሆቲ። ሰውዬው ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከመንገድ ሆኜ አይቻለሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ቲሆቲ ወንበር አውጥቶ ሐረጎቹ መካከል ተቀመጠ። እኛ የጎረቤቱን ቫኒላ ነበር የምናጋባው፤ አጥሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉም ይታየናል። ንቦቹ ወጡ፣ ዞር ዞር አሉ፣ አገር አዩ። አንዷማ ቫኒላዋ ውስጥ ገባች። ቲሆቲ ከወንበሩ ተነሳ። ንቢቱ ሰው የሌለበት ቤት እንዳንኳኳ እንግዳ ትንሽ ቆይታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ቫኒላ ለንብ የምትሰጠው የላትማ። ሽታ አላት፣ መልክ አላት፣ ወለላ የላትም። ሌላዋ ንብ የኮኮናቱ አበባ ላይ ወጣችና ሆዷን ሞልታ ተመለሰች፤ ሣጥኑ ውስጥ ገብታ እየጨፈረች ለጓደኞቿ ነገረቻቸው፤ እነሱም ተከትለዋት ሄዱ። አንዷ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ፓስተር ሮአሪ ግቢ ያለውን ሎሚ አገኘች። ረፋዱ ላይ ንቦቹ ወደ ኮኮናቱና ወደ ሎሚው ሁለት መንገድ አወጡ። ሁለቱም መንገድ በቲሆቲ ራስ ላይ ያልፋል።

«ቁርስ አይበሉም ብለህ ነበር» አልኩት በአጥሩ በላይ።

«ገና አልለመዱም።»

«ለምደዋል እንጂ። ፊሪፊሪው የት እንዳለ ለምደዋል።»

ማታ ንቦቹን ላመጣው ሰውዬ ስልክ ደወለ። ቲታዋ ናት የነገረችኝ፣ ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት። ያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር።

«ንቦቹን ምን አስለመድካቸው?» አለው ሰውዬው።

«እኔ ምንም።»

«እንግዲያው ራሳቸው ለምደዋል። አንዴ ሎሚ የለመደች ንብ ሎሚው እስካላለቀ ድረስ ወደ ሌላ ዞር ብላ አታይም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሎሚ ትከል» ብሎ ዘጋበት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዱቄቱን ይከፍት ነበር። ቲሆቲ ግን አሰበ። ቲሆቲ ሲያስብ ደግሞ ጎረቤት ልጆቹን ይሰበስባል። ወለላ ከሌላት ወለላ ይጨመርላት አለና ስኳር በውሃ በጥብጦ በማለዳ አበቦቹን ይረጫቸው ጀመር።

«ለሻያችን የነፈግከንን ስኳር አበባ ላይ ታፈሳለህ?» አለችው ቲታዋ።

«አንቺ የነገን አታዪም» አላት።

ንቦቹ መጡ። እውነቱን ልናገር፣ መጡ። ቲሆቲ መንገድ ላይ ወጥቶ «አገቡ፣ ኑና እዩ፣ አገቡ» እያለ ሰፈሩን ጠራ። ሄደን አየን። ንቦቹ የአበባውን ከንፈር ከውጭ ይልሳሉ፣ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። መጋረጃውን የነካች አንዲት የለችም።

«እነዚህ ድንኳን ሰባሪዎች ናቸው» አለች ማማ ሬሬአታ። «በልተው ይሄዳሉ፤ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቁም።»

በማግስቱ አበቦቹ ረገፉ። ንቦቹም ወደ ሎሚው ተመለሱ። የቀረው ጉንዳን ነው፤ ጉንዳንማ ዘመድ አዝማዱን ይዞ መጣ።

አሁን ቲሆቲ ጥፋቱ የእሱ አበባ ሳይሆን የሌሎቹ አበባ እንደሆነ ወሰነ። ሌላ አበባ ባይኖር ንቦቹ የት ይሄዳሉ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ንብም ከቸገራት ቫኒላ ታገባለች ባይ ነው። ኮኮናቱ ላይ ወጣና አበባውን በገጀራ አወረደው። ከነገ ወዲያ ኮኮናት ከየት ሊበላ እንደሆነ አልጠየቅነውም። ወርዶ ፓስተር ሮአሪ ዘንድ ሄደና ያንን የማር አፉን ከፈተ፤ ሎሚው እንዲቆረጥለት። ፓስተሩ ሎሚው እንዲህ አብቦ አይቶ አያውቅም።

«ልጄ ቲሆቲ» አለው፣ «እግዚአብሔር ቁርስ ሳይጠይቁ የሚሠሩ ንቦች ልኮልኛል። በምን አፌ መልሳቸው ልበለው?»

ያን ቀን ከፓስተሩ ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ቆመና አየሩን ሳበ። ትያሬው አብቦ ነበር። እኔ ከቲታዋ ጋር እዚያው ቆሜ ነበርና ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ይሄ ነው» አለ። «ንቦቹን የሚያሳስታቸው ይሄ አጥር ነው።»

«ትያሬ ላይ ንብ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው ቲታዋ።

«ሽታው አይሰማሽም? እኔ ንብ ብሆን መጀመሪያ የምመጣው እዚህ ነበር።»

«አንተ ንብ አይደለህም። ንብ ትሠራለች።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አጥሩን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ተናገረችው። «ቲሆቲ፣ ዱቄቱን ስትቆልፍ ዝም አልኩ። ሰዎቼ በደጄ ሲያልፉ ዝም አልኩ። ይህን አጥር ከነካኸው እሄዳለሁ። ቀልድ አይደለም፣ ሰምተኸኛል?»

«የት ትሄጃለሽ?» አላት። ሳቁም ያምር ነበር፣ ምን ያደርጋል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አጥሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጉቶዎቹ ብቻ ቆመዋል፤ ነጮቹ አበቦች አፈር ላይ ተበትነው ጠርዛቸው ቡናማ መሆን ጀምሯል። ቲሆቲ ላቡን እየጠረገ ቆሟል። የተቆረጠው ክምር ላይ አንዲት ንብ የለችም። ከራሱ በላይ ግን ወደ ሎሚው እየተመላለሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ቲታዋ አልጮኸችም። ግራ ጆሮዋ ላይ የነበረችውን የመጨረሻዋን ትያሬ አወጣችና ክምሩ ላይ አስቀመጠቻት። ቤት ገብታ ትራሷን፣ ባርኔጣዋንና የሎሚ እሾህዋን ይዛ ወጣች።

«ቲታዋ፣ ነፍሴ፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። አበባ ተመልሶ ይበቅላል፣ የእኔና የአንቺ ፍቅር ግን ሥሩ...»

«ጨረስክ?» አለችው።

አልጨረሰም ነበር። እኛ ግን ሄድን።

እኔ ቤት ከመጣች በኋላ ሳቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ከእኛ ጋር ወጥታ የሰው ቫኒላ ታጋባለች፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ወደ ራሷ ማሳ ታያለች። «ዛሬም ረገፈ» ትላለች፣ ከሩቅ ሆና። በእጇ የተከለችውን በዓይኗ ፊት ሲባክን ማየት ምን እንደሆነ የተከለ ያውቀዋል። አንድ ቀን «ልሂድና ብቻዬን የቻልኩትን ላጋባ» አለችኝ። «ሂጂ፣ ያኔ ጉቶ እየቆጠርሽ ብስኩት ትበያለሽ» አልኳት። ክፉ ነገር ተናገርኩ፤ ግን እውነት ነበር፣ ደግሞም ቀረች።

ሱቅ በሄድኩ ቁጥር ደግሞ ነገረኛው አይጠፋም። «ፋይማኖ፣ በየጠዋቱ ስንቱን ታጋቢያለሽ፤ ሁለት ሰው አቃተሽ?» ይሉኛል።

«በመካከላቸው ያለው መጋረጃ ቢሆን በሎሚ እሾህ እገልጠው ነበር» እላለሁ። «የዱቄት ሣጥን ነው።»

ይህች ቃሌ ሱቅ ውስጥ አላደረችም። ደሴት ላይ ወሬ ዋና አያስፈልገውም፤ በእግሩ ይደርሳል። በማግስቱ ጠዋት መንገድ ላይ ነበርን፣ ቲታዋም አብራን። ማማ ሬሬአታ ድንገት ቆመች። አፍንጫዋ ወደ ግራ ዞረ። እኔ ያረጀች መሰለኝ፤ በግራ በኩል ያለው የቲሆቲ በር ነውና።

ከዚያ ለእኔም ሸተተኝ። ዘይት፣ ኮኮናት፣ ትንሽም የተቃጠለ ነገር።

በሩ ክፍት ነው። ቲሆቲ ምድጃውን ግቢው መሀል አውጥቶ ድስቱ ላይ አጎንብሷል። ቅንድቡ ዱቄት፣ እጁ ሊጥ፣ አውራ ጣቱ ተቃጥሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሲያየን አፉን ከፈተ። እኔ ንግግሩን ጠበቅሁ፤ ለመሳደብም ተዘጋጅቼ ነበር። አፉን መልሶ ዘጋውና ሳህኑን ዘረጋልን። ይህን ሰው ካወቅሁት ጊዜ ጀምሮ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ነው። የዱቄቱ ሣጥን ቁልፍ በሩ ምሰሶ ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል።

ማማ ሬሬአታ አንዱን አንስታ በድዷ ሞከረችው። «ውጭው ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ» አለች። ትንሽ አላመጠች። «ግን ትኩስ ነው።» ገባች። ሁላችንም ተከትለናት ገባን።

ቲታዋ በሩ ላይ፣ ጉቶዎቹ አጠገብ ቀረች። ቲሆቲ ሳህኑን ይዞ ሄደላት። ግራ ጆሮዋን አየ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቀኝ ጆሮዋን አየ። ሁለቱም ባዶ ናቸው።

«ምን ማለት ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«ጆሮሽ።»

«አበባ ከየት ላምጣ?» አለችው። «ቆርጠኸዋል።»

ፊሪፊሪ አንስታ እየነከሰች ወደ ሐረጎቿ ገባች። ከእያንዳንዱ ዘለላ ሥር ሥሩ ላይ ያሉት፣ ቀጥ ያለ ፍሬ የሚሰጡት፣ ረግፈው አልቀዋል፤ የቀረው ጫፍ ጫፉ ነው። እሷ ግን ቸኩላ ያገኘችውን ሁሉ አላጋባችም። እያንዳንዷን በጣቷ አንስታ አየች፣ የምትተወውን ተወች፣ የምታጋባውን አጋባች። እኩለ ቀን ሲሆን እሾህዋን ባርኔጣዋ ላይ ሰክታ ከእኛ ጋር ወጣች፣ ወደ እኔ ቤት።

በማግስቱም እንዲሁ፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። የቲሆቲ ፊሪፊሪ እየተሻለ ሄደ፤ አሁን ከደሴቱ ወዲያኛው ጥግ እንኳ አጋቢዎች ይመጡለታል። ንቦቹ እስከ ዛሬ ሎሚው ላይ ናቸው። ፓስተሩ ሎሚ የሚያድለው ሰው አጥቷል፤ የቲሆቲም ማር ሎሚ ሎሚ ይላል።

ቲታዋ በየጠዋቱ ትመጣለች፣ ቁርሷን ትበላለች፣ ታጋባለች፣ እኩለ ቀን ላይ ትሄዳለች። እሱም በየጠዋቱ ሳህኑን ይዞ ግራ ጆሮዋን ያያል፣ ቀኝ ጆሮዋን ያያል። ጉቶዎቹ ቅጠል አውጥተዋል፤ አበባ ገና ነው። እኔ ግቢ ግን ትያሬ ሞልቶ መንገዱ ድረስ ተንጠልጥሏል። የእኔን ቀኝ ጆሮ ያያል፣ የማማ ሬሬአታንም ያያል፤ ከየት እንደተቀጠፈ ያውቃል። ቲታዋን ግን ለምን ከዚያ እንደማትቀጥፍ አይጠይቃትም።